ገዢው ሳይዳስስ ለሚከፍልበት ዕቃ፦ በኢንተርኔት ለሚሸጡና ለሚልኩ የተዘጋጀ ማሳሰቢያ

መርካቶ የሄደ ገዢ ጨርቁን በጣቱ ያሻል፣ ጫማውን አጥልቆ ሁለት እርምጃ ይራመድበታል፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ስንጥቅ ይፈልጋል፤ ካልጣመው ትቶት ወደ ቀጣዩ ሱቅ ያልፋል። በቴሌግራም፣ በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ ለሚገዛ ሰው ይህ ሁሉ ቀርቶበታል። ያለው የሻጩ ፎቶና የሻጩ ቃል ነው። ገንዘቡ ከኪሱ ከወጣበት ሰዓት አንሥቶ ዕቃው እጁ እስኪገባ ድረስ የሚተማመነው በሻጩ ብቻ ነው።

ይህ አደራ ሲበላ የሚጎዳው አንድ ገዢ ብቻ አይደለም። አንዴ የተታለለ ሰው ከዚያ ወዲያ ለማንም ቀድሞ አይከፍልም፤ ለዘመድ ለጎረቤቱም «እንዳትሞክሩት» ብሎ ይነግራል። ዳፋው የሚተርፈው ሱቅ መከራየት አቅቷት ቤቷ ሆና ልብስ ለምትሰፋዋ እናት፣ ከክፍለ ሀገር ማር ለሚልከው ወጣት፣ ለታማኙ ሻጭ ሁሉ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች ለራስዎ ትርፍ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ገበያ ህልውና ሲሉም ይያዟቸው።

ስለ ፎቶና መግለጫ

1. የሚሸጡትን ዕቃ ራሱን ፎቶ ያንሡ። ከአምራቹ ገጽ ወይም ከሌላ ሻጭ ቻናል የተወሰደ ፎቶ የእርስዎን ዕቃ አያሳይም። በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ያንሡት፤ የአምፖል ብርሃን ቀለም ይቀይራል። ከፊት፣ ከጀርባ፣ ከውስጥና ከሥር ያሳዩ።

2. ጉድለቱን አይደብቁ። ጭረቱን፣ እድፉን፣ የተቀየረውን ቁልፍ በቅርብ አንሥተው ያሳዩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢው ሲዋዋል ያወቀው ጉድለት ግን በኋላ መከራከሪያ አይሆነውም። ጉድለቱን አስቀድሞ ማሳየት ለገዢው ሐቅ፣ ለሻጩ ደግሞ መከላከያ ነው።

3. ልኩን በሴንቲ ሜትር ይጻፉ። «ሚዲየም» የተባለ የቱርክ ሸሚዝና «ሚዲየም» የተባለ የቻይና ሸሚዝ አንድ ሰው ላይ ላይሆኑ ይችላሉ። ቀሚስ ከሆነ የደረቱን፣ የወገቡንና የቁመቱን ልክ፣ ጫማ ከሆነ ከቁጥሩ ሌላ የውስጥ ሶሉን ርዝመት ይስጡ። ብዙው «አልሆነኝም» የሚል ተመላሽ የሚመጣው ይህን ካለመጻፍ ነው።

4. «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል በከንቱ አይጥሩ። ኮፒውን ኮፒ፣ ያገለገለውን ያገለገለ ይበሉት። ኮፒ መሆኑን አውቆ በዋጋው የሚገዛ ሰው አለ፤ ኦሪጅናል መስሎት የገዛ ግን ተዘርፏል።

5. ስልክ ሲሸጡ *#06# ብለው ደውለው የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያመሳክሩ። የባትሪውን ጤንነትና የተቀየረ ስክሪን ካለ ይናገሩ። የጉግል ወይም የአፕል አካውንትዎን አውጥተው፣ ውስጡን ሙሉ በሙሉ አጽድተው ያስረክቡ። አካውንቱ ሳይወጣለት የተሸጠ ስልክ በገዢው እጅ ተቆልፎ ይቀራል፤ ሳይጸዳ የተሸጠ ደግሞ የቤተሰብዎን ፎቶ ይዞ ይሄዳል።

6. የሚበላና የሚቀባ ነገር ከሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የሚነበብበትን ፎቶ አብረው ይለጥፉ። ቀኑ የተፋቀበትን ዕቃ አይሽጡ።

ስለ ዋጋ

7. ዋጋውን ከፎቶው ሥር ይጻፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» አይበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ሱቁ ወደ ስልክ ስለገባ ይህ ግዴታ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ዋጋ ሲደበቅ ገዢው «እንደ ሰው ፊት ሊያስከፍለኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም።

8. የማድረሻውን ክፍያ ለብቻው ያስታውቁ። «ነጻ ማድረሻ» ካሉ እስከየት ድረስ ነጻ እንደሆነ ይግለጹ። መገናኛ ለሚኖር ነጻ የሆነው ቱሉ ዲምቱ ለሚኖርም ነጻ መሆን አለመሆኑን ገዢው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

9. አሮጌ ልጥፍ ላይ አሮጌ ዋጋ አይተዉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። «ይህ ዋጋ እስከ እሑድ ይጸናል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ገዢው ከከፈለ በኋላ ግን «ዶላር ጨምሯል» ብሎ ጭማሪ መጠየቅ አይገባም።

10. ያለቀውን ዕቃ «ተሸጧል» ብለው ያመልክቱ። የሌለዎትን ዕቃ አሳይተው ገዢን ወደ ሌላ ዕቃ መጎተት የሰው ጊዜ መስረቅ ነው።

ስለ ቀብድና ክፍያ

11. ስክሪንሾትን እንደ ክፍያ አይቁጠሩ። የተላከልዎ ፎቶ በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ገንዘቡ መግባቱን ይዩ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ከተራ የሞባይል ቁጥር ከመጣ፣ አጻጻፉ ቁርጥ ቴሌብርን ቢመስልም አይመኑት። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በሉልኝ» ቢልም ሒሳብዎን ሳያዩ ዕቃውን አይልቀቁ።

12. «በስህተት ልኬብዎታለሁ፣ በዚህ ቁጥር ይመልሱልኝ» ለሚል ሰው ቸኩለው አይላኩ። መጀመሪያ የሒሳብዎን ቀሪ ይመልከቱ። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም የሚመለሰው በባንኩ ወይም በቴሌብር በኩል ነው፤ ደዋዩ በሰጠዎ ሌላ ቁጥር አይደለም። ገንዘብ ለመቀበል ደግሞ የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም። የምስጢር ቁጥርዎን ወይም በመልእክት የመጣልዎን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው ብለው ይያዙ።

13. ቀብድ ሲቀበሉ ሕጉን ይወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ካፈረሰ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይከፍላል። ብዙ ሻጮች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ያስታውሳሉ። 2,000 ብር ቀብድ ተቀብለው ዕቃውን የተሻለ ዋጋ ላመጣ ሌላ ሰው ከሸጡ፣ ለመጀመሪያው ገዢ 4,000 ብር የመመለስ ዕዳ አለብዎት። የተስማሙበት ሌላ ነገር ካለ ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ያስቀምጡት።

14. የሚቀበሉበት ሒሳብ የማን እንደሆነ ይንገሩ። ገጹ በአንድ ስም፣ ሒሳቡ በሌላ ሰው ስም ሲሆን ገዢው ቢጠራጠር እውነት አለው። የእህትዎ ሒሳብ ከሆነ «የእህቴ ነው» ማለት ምንም አያጎድልብዎትም።

ስለ አስተሻሸግ

15. ዕቃው ተወርውሮ፣ ተገልብጦና ሌላ ጭነት ተጭኖበት እንደሚሄድ አስበው ያሽጉ። «ተሰባሪ ነው» የሚል ጽሑፍ ያግዛል፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሌሊት የሚጭን ሰው ግን አያነበውም። ዕቃውን ከጉዳት የሚያተርፈው የውስጥ አስተሻሸጉ ነው።

16. ሲኒ፣ ብርጭቆና ሳህን እያንዳንዱን ለየብቻው ይጠቅልሉ። ሳህን በጠፍጣፋው ተነባብሮ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ ሲታሸግ የተሻለ ይቋቋማል። ጀበና ከሆነ አንገቱና ጆሮው መጀመሪያ የሚሰበሩ ናቸውና በጋዜጣ ወይም በስፖንጅ ይሸፍኗቸው፤ ሆዱንም በወረቀት ይሙሉት። ከካርቶኑ ግድግዳ እስከ ዕቃው ቢያንስ ሦስት ጣት ያህል ለስላሳ ነገር ይኑር። አሽገው ሲጨርሱ ካርቶኑን ይነቅንቁት፤ ውስጡ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ይክፈቱትና ክፍተቱን ይሙሉ።

17. ማር፣ ዘይትና ፈሳሽ ነገር ክዳኑ በስኮች ተጠምጥሞ፣ በሁለት ፌስታል ገብቶ፣ ቆሞ ይሂድ። በርበሬና ሽሮ በወፍራም ፕላስቲክ ድርብ ይታሸግ፤ አለዚያ ጠረኑና ብናኙ አብሮት የሚሄደውን የሰው ልብስ ያበላሻል። ቅቤ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሰመራ ወይም ወደ ጋምቤላ ሲላክ መቅለጡ አይቀርምና በፌስታል ብቻ አይላኩ፤ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያድርጉት።

18. በክረምት ካርቶን ብቻውን አይበቃም፤ ውኃ ከነካው ይፈርሳል። ዕቃውን በፕላስቲክ ሸፍነው ከዚያ ካርቶን ውስጥ፣ ወይም ካርቶኑን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ያስገቡት። ልብስ ከሆነም ያለ ፕላስቲክ አይላክ።

19. የተቀባዩን ስምና ስልክ በማይለቅ ቀለም በሁለት ጎን ይጻፉ፤ ያንኑ ጽፈው ካርቶኑ ውስጥም ያስገቡ። የላዩ ወረቀት ቢላጥ ዕቃው ባለቤት አያጣም። ከመዝጋትዎ በፊት የውስጡን፣ ከዘጉ በኋላ የውጪውን ፎቶ ያንሡ። ክርክር ቢነሣ የመጀመሪያው ማስረጃዎ ይህ ነው።

ስለ መላክና ማስረከብ

20. በአዲስ አበባ ቤት የሚገኘው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። ስለዚህ የታወቀ ቦታ፣ የሕንጻ ስም፣ ሁለት ስልክ ቁጥርና በስልክ የሚላክ የአቅጣጫ ምልክት ይቀበሉ። «ገርጂ አካባቢ» አድራሻ አይደለም። ሰዓት ሲቀጥሩም ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ይግለጹ፤ በተለይ ውጭ አገር ኖሮ ከመጣ ገዢ ጋር 3 ሰዓት የሚለው ቃል የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣል።

21. ለሞተረኛ የሰጡትን ዕቃ ምንነት ይንገሩት፤ ስለማያውቀው ነገር ተጠያቂ አያድርጉት። የታርጋውን ቁጥር መዝግበው ለገዢው ይላኩ። እየነዳ እያለ ደጋግመው አይደውሉ፣ አያጣድፉት። የዘገየ ጫማ ይደርሳል፤ በጥድፊያ የተቀጠፈ ሕይወት ግን አይመለስም።

22. በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲልኩ ከላም በረትም ሆነ ከቃሊቲ መናኸሪያ፣ ዕቃውን ለማያውቁት ተሳፋሪ አይስጡ። ለረዳቱ ወይም ለድርጅቱ የዕቃ መቀበያ ያስረክቡ፤ የአውቶቡሱን ታርጋ፣ የረዳቱን ስልክና የመነሻ ሰዓቱን ለተቀባዩ ወዲያው ያስተላልፉ። ክፍያው እዚህ ተከፍሎ ከሆነ «ተከፍሏል» ብለው ዕቃው ላይ ይጻፉ፤ ተቀባዩ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይከፍል።

23. ፖስታ ቤትን አይርሱ። ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ፖስታ፣ በአውቶቡስ መላክ በሚያስቸግርበት መንገድም ዕቃ ይቀበላል። በፈጣን መልእክት ከላኩ የመከታተያ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ሁለት ፊደላት፣ ዘጠኝ አሃዞችና የአገር መለያ ሁለት ፊደላት ያሉት ነው። ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው ለገዢው ይላኩ። ደረሰኙ በእርስዎ ኪስ ብቻ ከቀረ ገዢው ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያይበት መንገድ የለውም።

ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ

24. ክብደትን ብቻ ሳይሆን ስፋትንም ያስሉ። የውጭ አገር ፈጣን መልእክተኞች የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍላሉ፤ ከእውነተኛው ኪሎ ከበለጠ የሚያስከፍሉት በዚያ ነው። 40 በ40 በ30 የሆነ ካርቶን 3 ኪሎ ጋቢ ቢይዝ እንኳ የሚከፈልበት 9.6 ኪሎ ሆኖ ነው። ጋቢና ነጠላን አየሩን አውጥተው በጠባብ ካርቶን ያሽጉ። ዋጋ የሚናገሩትም ከለኩ በኋላ ይሁን።

25. ቀረጥ ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ይስማሙ። ወደ አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው አሠራር ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታግዷል። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ያለች ገዢ ለሐበሻ ቀሚሷ ቀረጥ ልትጠየቅ ትችላለችና ከመክፈሏ በፊት ትወቀው። ዋጋውን አሳንሰው ወይም «ስጦታ» ብለው አያስመዝግቡ፤ ሐሰተኛ መግለጫ ነው፤ ዕቃው ቢጠፋም የሚካሰው ባስመዘገቡት ዋጋ ልክ ነው።

26. የምግብ ዕቃ ከመቀበልዎ በፊት የመድረሻውን አገር ደንብ ይጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኅብረቱ ውጭ በግል ጥቅል የሚላክ ሥጋና የወተት ውጤት አያስገቡም፤ ቋንጣና ቅቤ እዚያው ይወረሳሉ። በዓል ከደረሰ ደግሞ ዕቃው የሚደርስበትን ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጽፈው ይስማሙ።

የማይሸጡና የማይላኩ

27. ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና ሥዕሎች የንግድ ዕቃ አይደሉም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። አዲስ የተሠራ መስቀል የሚሸጥ ሰው አዲስነቱን ይግለጽ፤ «ጥንታዊ ነው» ብሎ ዋጋ መጨመር ሐሰት ከሆነ ማታለል፣ እውነት ከሆነ ደግሞ ወንጀል ነው።

28. መድኃኒት ያለ ፈቃድ አይሽጡ፤ ከውጭ የመጣ የማቅጠኛ ክኒንና ቆዳ የሚያነጣ መርፌም ቢሆን። የሰው ሕይወት ላይ መነገድ ነው።

29. ፓወር ባንክና ለብቻው የሆነ የስልክ ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት አይሄድም፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ደንብ ተከልክሏል። በልብስ መሃል ደብቀው አይላኩ። የሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል አውሮፕላን ሙሉ ሰው አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስለ ደንበኛ ገመና

30. ገዢው ስሙን፣ ስልኩንና የቤቱን አቅጣጫ የሰጠዎ ዕቃው እንዲደርሰው ነው። «ደንበኞቻችን ምን ይላሉ» ብለው መልእክቱን ሲለጥፉ ስሙን፣ ቁጥሩንና ፎቶውን ይሸፍኑ፤ አስቀድመውም ያስፈቅዱ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ያለ አግባብ ከመጠቀም ይጠብቃል። ዕቃ አዝዞ የቀረን ሰው ስልክ በገጽዎ ላይ አውጥቶ ማሰደብም የተከለከለ የበቀል መንገድ ነው።

ችግር ሲፈጠር

31. የመመለሻ ደንብዎን ከሽያጩ በፊት ይጻፉ፤ ስንት ቀን፣ በምን ሁኔታ፣ የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚችል። «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ መለጠፍ ግን ከሕግ አያድንም፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል።

32. ከገዢው ጋር የተጻጻፉትን አያጥፉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በስልክ የተነጋገሩትን ዋናውን ነጥብ አጠር አድርገው በጽሑፍ ይላኩ፤ ዕቃው፣ ዋጋው፣ ቀኑ። ያዘዘውን ገዢ አያግዱ፤ መልስ ማጣት ትንሹን ቅሬታ ወደ ክስ ይገፋዋል።

33. ዕቃው በመንገድ ቢሰበር ከአጓጓዡ ጋር የሚከራከረው ላኪው ነው። ገዢውን «ረዳቱን አናግር» ብለው አያሰናብቱት። ገዢው ለእርስዎ ከፍሏል፤ ለረዳቱ አልከፈለም።

ለገዢዎችም

34. ሲረከቡ ሞተረኛው ሳይሄድ ከፍተው ይዩ፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ካርቶን ሲከፍቱ በቪዲዮ ይቅረጹ። ዕቃ አዝዘው ሐሳብዎን ከለወጡ አስቀድመው ይናገሩ። ስልክ አጥፍቶ መጥፋት ሻጩን ለመጓጓዣና ለድካም ይዳርገዋል፤ ብዙ ሻጮች «መጀመሪያ ክፈሉ» ማለት የጀመሩትም በዚህ የተነሣ ነው። በደንብ ያስተናገደዎትን ሻጭ ለሌላ ሰው ይንገሩለት።

የሚሸጡ ሁሉ ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ወስደው ገጻቸውን ከላይ እስከ ታች ይዩት። ከሌላ ገጽ የተወሰደ ፎቶ ካለ ያውርዱት፤ ዋጋ የሌለበት ላይ ዋጋ፣ ልክ የሌለበት ላይ ልክ ይጻፉ፤ ያለቀውን «ተሸጧል» ይበሉ፤ የመመለሻ ደንቡን ከላይ ይስቀሉ። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ፈቃድም አያስፈልግም። በሚቀጥለው ቀን ገጹን የሚከፍት ገዢ ከማንም ሳይጠይቅ ምን እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚገዛና ካልሆነለት ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል። አደራን መጠበቅ የሚጀመረው ከዚህ ነው።